ዋንዛ፦ የማሳና የጓሮ ጣውላ

ዋንዛ በተለይ በወይና ደጋ የሚበቅል ሀገር በቀል ዛፍ ነው። በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ውስጥም አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና ሲሆን በቆዩ ጽሑፎች ኮርዲያ አቢሲኒካ ይባላል። በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ በትግርኛ አውሂ ይሉታል።

የድሮውን ዋንዛ ደህና አድርጎ የጻፈልን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በየቤቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ዋንዛ ተተክሎ አገኘ። በክረምት ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሲያያት ከተማዋ ጫካ ትመስለው ነበር። በመስከረም አካባቢ ደግሞ ዛፎቹ ባንድ ሌሊት ያብቡና ጎንደር ነጭ በፍታ የለበሰች ወይም በረዶ የወረደባት ትመስላለች ይላል። «ባንድ ሌሊት» የሚለው ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ ያበበ ዋንዛ ያየ ሰው ግን አይፈርድበትም። አበባውን ንብ አይለቀውም። ቢጫ ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ግን እጅና ከንፈር ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

እንጨቱን አናጺ ይወደዋል። መሃሉ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ አይከብድም፣ ለመጋዝም ለመላጊያም እሺ ይላል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሙቀጫ፣ ቀፎ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሳይቀር ይሠራበታል። ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠማማ ስለሆነ ረጅም ጣውላ በቀላሉ አይወጣውም እንጂ እንደሱ ያለ የቤት ዕቃ እንጨት አለን ለማለት ይከብደኛል።

በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጅማና በከፋ የቡና ጥላ ነው። የሚረግፈው ሰፊ ቅጠል አፈር ያዳብራል። በቆሎ ማሳ ላይ ግን ጥላው ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ከተመለመለ ብዙም አይመስለኝም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከለከለ። ደግ አደረገ። እንግዲህ ጣውላ ከፈለግን ከማሳና ከጓሮ ነው መምጣት ያለበት፤ ገበሬው የራሱን ዛፍ ቆርጦ ለመሸጥ ፈቃድ ፍለጋ የሚንከራተት ከሆነ ግን ማን ይተክላል?

ማሳደጉ አይከብድም። የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የሚያጣብቀው ሥጋ እስኪለቅ ማሸት፣ ከዚያ ዘሩን ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። ለመብቀል ሳምንታት ስለሚፈጅ ቶሎ ተስፋ አይቆረጥም። ችግኙ ክረምት ሲገባ ይተከላል። ውርጭ አይወድም፣ ቅጠሉን ከብት ስለሚበላው አጥር ያስፈልገዋል። ቀጥ ያለ ግንድ ለማግኘት የታችኞቹን ቅርንጫፎች በልጅነቱ መመልመል ነው። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጠንካራውን አንድ ቡቃያ ትቶ ሌላውን ማንሳት ነው።