«ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አርፎ ይቀመጥ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ቤተሰቡ ከፍቅር የተነሳ ያስቀምጠዋል። ውሃ ይቀርብለታል፣ ከደጅ መውጣት ይከለከላል። ይህ እንክብካቤ ከሕመሙ ባልተናነሰ ሲጎዳ ማየት ያሳዝናል።

«እንቅስቃሴ ሕመሙን ያባብሳል።» ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው የእግር ጡንቻው ይመነምናል። የመነመነ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ ለጥቂት እርምጃም ብዙ ትንፋሽ ያስወጣል። ስለዚህ ሳንባው ባይብስበት እንኳ ድካሙ ይብሳል፤ ሲደክመው ደግሞ ይበልጥ ይቀመጣል። የሳንባ ማገገሚያ ሕክምና ይህን አዙሪት ይሰብራል፦ በባለሙያ ክትትል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ የእግር ጉዞ፣ ጡንቻ ማጠናከሪያ፣ የአተነፋፈስ ዘዴ እና ትምህርት ይሰጣል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ 65 ጥናቶችን መርምሮ ሕክምናው ትንፋሽ ማጠርን እንደሚቀንስና የመራመድ አቅምን እንደሚጨምር አረጋግጧል።

«ካለከለከ አደጋ ላይ ነው።» በልምምድ ጊዜ ማለክለክ ይጠበቃል። ከ0 (ምንም) እስከ 10 (እጅግ የከፋ) ባለው የትንፋሽ ማጠር መለኪያ 4 አካባቢ መድረስ የተለመደ ነው። ሲበዛበት ቆም ብሎ ጎንበስ ይበል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ። በአፍንጫው ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ፣ ከሳበበት ሁለት እጥፍ በሚረዝም ጊዜ ቀስ ብሎ ያውጣ። የአየር ቧንቧው ስለጠበበ አሮጌው አየር ሳይወጣ ይቀራል፤ አዲሱ መግቢያ የሚያጣውም ለዚህ ነው። የደረት ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም የከንፈር መጥቆር ከመጣ ግን ወዲያውኑ ማቆምና ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

«ሳንባን ካልጠገነ ምን ይፈይዳል?» እውነት ነው፣ የተጎዳውን ሳንባ አይመልስም፤ የትንፋሽ ምርመራው ቁጥርም ብዙም አይለወጥ ይሆናል። የሚለወጠው ጡንቻው ነው። በ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ 30 ሜትር ገደማ መጨመር ባለሙያዎች ትርጉም አለው የሚሉት ለውጥ ነው። ያለ ሰው እርዳታ ልብሱን ለመልበስ ለሚታገል ሰው እንዲህ ያለው ለውጥ ትልቅ ነው።

«ይህ የሲጋራ አጫሾች ጉዳይ ነው።» በአገራችን በማገዶና በኩበት ጭስ መሐል እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች አሉ፤ ከሳንባ ነቀርሳ ድነው ጠባሳው የቀረባቸውም አሉ። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እነዚህ ሰዎች ድካማቸው በእርጅና ይሳበባል። እነርሱም ከዚህ ሕክምና ይጠቀማሉ።

«ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል።» ከወንበር ደጋግሞ መነሳት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ማንሳት፣ ደልዳላ መንገድ ላይ መራመድ ለመነሻ ይበቃል። ሐኪም ቀድሞ ይመርምረው፤ የሚሳብ መድኃኒት የታዘዘለትም ከእጁ አይለየው።

«ሳምንታቱን ከጨረስኩ በቃኝ።» ልምምዱ ሲቋረጥ ጥቅሙ በወራት ውስጥ ይሟጠጣል። ከሕክምናው በኋላም በሳምንት ጥቂት ቀናት መራመዱን መቀጠል ያስፈልጋል።