ማንሰራራትና ውጤት፦ የአምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪዎች

አምስት ኪሎ የሀገራችን አንጋፋ የምህንድስና ቤት ነው። ለዓመታት የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲባል ቆይቷል። እዚህ የሚገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያው መጥፎ ውጤት ክፉኛ የሚጎዳው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማንሰራራት የሥነ ልቦና ሰዎች ሬዚሊየንስ ይሉታል።

ተመራማሪዎቹ ኮነርና ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ለዚህ ባለ 25 ጥያቄ መለኪያ አወጡ። ለተማሪ ግን የተመራማሪው ካሲዲ መጠይቅ (እ.ኤ.አ. 2016) ይበልጥ ይስማማል። «ወድቀሃል ተብለሃል፤ የመምህርህም አስተያየት ጠንካራ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ሁኔታ አስቀምጦ 30 ምላሾችን ያስመዝናል። መጽናት አንዱ ዘርፍ ነው። ራስን መርምሮ እርዳታ መጠየቅም ሌላው ነው። ጽናት ውጤትን ያነሳል ወይስ ጥሩ ውጤት ጽናትን ይወልዳል የሚለው አሁንም ያከራክራል።

የአምስት ኪሎ ተማሪ የተፈተነው ዛሬ ብቻ አይደለም። ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነበር። በኋላ አራት፣ ከዚያም አምስት ዓመት ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ።

የቅርቡ ዘመን ብዙ የሚነገርለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ። ያው ባች መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ወደ ቤቱ ተላከ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ተጣርቶ የገባ ልጅም አፕላይድ ማትስ በሚባለው የሒሳብ ትምህርት ላይ ይንገዳገዳል።

የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ውጤት ሲለጠፍ ማየት ነው። ልጁ በጣቱ የመታወቂያ ቁጥሩን ይፈልጋል። ያገኘዋል፤ ደግሞ ከላይ ጀምሮ ያየዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ከሰዉ መሀል ይወጣል። ማታ ዶርም ውስጥ አንዱ ሲኒየር የድሮ ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ ይዞለት ይመጣል። ባዶ ክፍል ፈልገው ይገባሉ፤ ጠመኔ ያነሳሉ። እስከ እኩለ ሌሊት አብረው ይቸክላሉ። እኔ እንደማምነው የአምስት ኪሎ ጥንካሬ ያለው እዚህ ነው። ብቻውን በር ዘግቶ የሚቸክል ጎበዝ ልጅ ዋርኒንግ (የዝቅተኛ ውጤት ማስጠንቀቂያ) ሲያገኝ፣ መካከለኛው በቡድን እያጠና ያልፋል። ካሲዲ እርዳታ መጠየቅን ከጽናት ጎን የቆጠረው በከንቱ አይደለም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከምረቃ በፊት የሚወሰድ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የወደቀ ተማሪ ደግሞ መፈተን ይችላል። ችግሩ በዚያን ጊዜ ዶርሙን ለቋል፤ ጓደኞቹም ተበትነዋል። አምስት ኪሎ ለእነዚህ ልጆች ማታ ማታ አንድ ክፍልና አንድ ሰሌዳ ቢከፍትላቸው ምንኛ በጎ ነበር።