ቴሌሜዲስን ምንድን ነው? የቪዲዮ ጥሪ ነው የምትሉኝ ግን አቁሙ

«ኢንተርኔት ይግባላቸው እንጂ ቴሌሜዲስን ምን ይከብዳል? ሐኪሙን በቪዲዮ ማገናኘት ነው» የሚል አስተያየት አሁንም አነበብኩ። በዛ! ራቅ ላሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ርካሽ መሣሪያ የምሠራ መሐንዲስ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቴሌሜዲስን የታማሚው መረጃ ሩቅ ላለ ሐኪም ደርሶ ውሳኔው ሲመለስ ነው። በቃ። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት መቅጃ የሠራው ኔዘርላንዳዊ ሐኪም አይንትሆቨን በ1905 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ ሆስፒታል የተኛ ታማሚን የልብ ምልክት 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ቤተ ሙከራው ውስጥ በስልክ ሽቦ ተቀብሏል። ቪዲዮ የት ነበር?

«ሐኪሙ የልብ ምቱን በጥሪው ላይ ይስማዋ!» ይላል ይኸው ወዳጃችን። አይሰማም። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። የልብ ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው ከ200 ኸርዝ በታች ነው። ስልኩ የሰውየውን ወሬ ያሳልፍና ልቡን ያስቀረዋል። የቪዲዮ መተግበሪያውም ድምፁን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክ የልብ ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) ቀድተን ፋይሉን እንልካለን።

የ10 ሰከንድ ኢሲጂም (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ቅጂ) ሳይጨመቅ 80 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፦ በሰከንድ 500 ልኬት፣ 8 የልብ ምልክት መስመር፣ ለእያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት። ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ቢልም ፋይሉ ወረፋውን ጠብቆ ሌሊት ሾልኮ ይሄዳል። አስቀምጦ መላክ የምንለው ይህ ነው። ዋጋውን የሚቀንሰውም እሱ ነው። (የቆዳ ፎቶ ስትልኩ ግን አጠገቡ የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ አድርጉ። ካሜራ ቀለም ይዋሻል።)

ቪዲዮውን ቴሌሜዲስን ማለት በርን ቤት ማለት ነው። ሜዳ ላይ በር አቁሞ «ግቡ» እንደማለት። ምሰሶዋ መሣሪያውን ይዛ ታማሚው አጠገብ ያለችው የጤና ባለሙያ ናት። ጣሪያው መብራት ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው ደግሞ በባትሪ በኩል ነው፤ የሊድ አሲድ ባትሪን (የመኪና ባትሪ ዓይነቱን) ቻርጅ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ የባትሪውን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ። ግን የሶላር ፓነሉን ብቻ ገዝተው ባትሪውን የሚረሱ ሞልተዋል።

ስትሮክ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ደቂቃ ይቆጠራል፣ ሐኪሙም ታማሚው እጁን ሲያነሳና ሲናገር በቀጥታ ማየት አለበት። እዚያ ላይ ቪዲዮውን እኔም አጥብቄ እፈልገዋለሁ። ለከረመ የቆዳ ሽፍታ ግን መልሱ ነገ ጠዋት ቢመጣም ይደርሳል።