ጌኦርግ ፎን ደር ማርቪትስ፦ ታንክ የገጠመው የፈረሰኛ ጄኔራል

በድሮው የጀርመን ጦር «የፈረሰኛ ጄኔራል» የሥራ ድርሻ ሳይሆን ማዕረግ ነበር። ከሌተና ጄኔራል ከፍ፣ ከኮሎኔል ጄኔራል ዝቅ ይላል። ከእግረኛ ያደገው «የእግረኛ ጄኔራል» ነው፤ ከፈረሰኛ ያደገው «የፈረሰኛ ጄኔራል»። በኋላ ምንም ዓይነት ጦር ቢመራ ስሙ አይቀየርለትም። ይህ ማዕረግ ከነበራቸው አንዱ፣ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ከዳር እስከ ዳር የተዋጋው ጌኦርግ ፎን ደር ማርቪትስ ነው።

ማርቪትስ በ1856 (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በባልቲክ ባሕር ዳር ባለችው ፖሜራኒያ ውስጥ ተወለደ። በ1875 ጦር ይዘው በሚጋልቡት የኡላን ዘቦች ዘንድ ጀመረ። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል የፈረሰኛው ጦር ዋና ኢንስፔክተር ነበር።

ነሐሴ 1914 ላይ ሁለተኛውን የፈረሰኛ ኮር ይዞ ቤልጂየም ገባ። ነሐሴ 12 ቀን ሃለን የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ። እዚያ የጠበቁት ቤልጂየሞችም ፈረሰኞች ነበሩ። አዛዣቸው ደ ዊት ግን አንድ ብልህ ትእዛዝ ሰጠ፦ ከፈረስ ውረዱ፣ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ተኙ። ጀርመኖች ከሦስት ሜትር የሚበልጥ የብረት ጦራቸውን አነጣጥረው ደጋግመው ጋለቡ። ሜዳው በአጥር የተከፋፈለ እርሻ ነው። ፈረሱ አጥሩ ጋ ሲደናቀፍ ጥይትና መትረየስ ይለቅመዋል። ሲመሽ ሜዳው ላይ የቀረው የሞተ ፈረስና የሚያብለጨልጭ የራስ ቁር ነበር። ቤልጂየሞች «የብር ቁሮች ጦርነት» ይሉታል። እኔን የሚገርመኝ፣ ያን ቀን ብልጦቹም ሞኞቹም ፈረሰኞች መሆናቸው ነው።

ማርቪትስ ግን አልተሻረም። ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄዶ ከሩሲያ ጋር ተዋጋ። በ1915 ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ ፑር ለ ሜሪትን ተሸለመ። በ1916 መጨረሻ ደግሞ ምዕራብ ተመልሶ የሁለተኛው ጦር አዛዥ ሆነ። አሁን የሚመራው ምሽግ፣ መድፍና ጭቃ ነው።

ኅዳር 20 ቀን 1917 ካምብሬ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አጠገብ እንግሊዞች ከ400 በላይ ታንክ ለቀቁበት። መስመሩ ተበሳ፤ እንግሊዝ አገርም የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ደስታው ግን ያለጊዜው ነበር። በ10ኛው ቀን ማርቪትስ ሳይታሰብ መልሶ አጠቃና ከተወሰደበት መሬት ብዙውን አስመለሰ።

ነሐሴ 8 ቀን 1918 ግን በሌላዋ የፈረንሳይ ከተማ በአሚየን አጠገብ ዕድሉ ከዳው። ጠዋቱ በጭጋግ ተሸፍኗል። ከጭጋጉ ውስጥ ከ500 የማያንሱ ታንኮች፣ ከኋላቸው ካናዳውያንና አውስትራሊያውያን ብቅ አሉ። ሁለተኛው ጦር በአንድ ቀን ተሰባበረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች እጅ ሰጡ። ከጀርመን ጦር ዋና መሪዎች አንዱ የነበረው ጄኔራል ሉደንዶርፍ ያንን ዕለት «የጀርመን ጦር ጥቁር ቀን» ብሎታል።

በቀጣዩ ወር ማርቪትስን ወደ አምስተኛው ጦር አዛወሩት። እዚያም በሜዝ ወንዝና በአርጎን ጫካ መካከል ከአሜሪካኖች ጋር እስከ ተኩስ አቁሙ ድረስ ተዋጋ። በጦርነቱ ማግስት ጡረታ ወጣ፤ በ1929 ሞተ። ማዕረጉ እስከ መጨረሻው «የፈረሰኛ ጄኔራል» ነበር።