ዣን ቤሊቮ፦ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ

ዲሴምበር 7 ቀን 2014 ሞንትሪያል ውስጥ ቤል ሴንተር ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ቤል ሴንተር የከተማዋ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ነው። የዚያን ቀን ግን ጨዋታ የለም። ሰዉ የመጣው ሊሰናበት ነው። ውስጥ የሬሳ ሣጥን አርፏል። የሟች ባለቤት ኤሊዝ ቤሊቮ ለቅሶ ደራሹን አንድ በአንድ እየጨበጠች ታመሰግናለች። በማግስቱም እንዲሁ ስትጨብጥ ዋለች።

ሟቹ ዣን ቤሊቮ ነው። ሆኪ መጫወት ያቆመው በ1971 ነበር። ከተሰለፉት ሰዎች ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም፤ ሲጫወት በዓይናቸው አላዩትም። ታዲያ ለማን ነው የሚያለቅሱት? መልሱ ያለው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በኖራቸው 43 ዓመታት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እነዚያ ዓመታት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበረዶ ሆኪ ለብዙዎቻችን ሩቅ ጨዋታ ስለሆነ መጀመሪያ ጥቂት ልበል። ሁለት ቡድኖች ስድስት ስድስት ሆነው በረዶ ላይ ይገጥማሉ። ከጫማቸው ሥር ስለት ያለው ብረት አለ። በዱላ የሚመቱት ኳስ ሳይሆን ፑክ የሚባል ጠፍጣፋ ጎማ ነው። አንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ይሆናል። ቀላል ጥፋት የሠራ ተጫዋች ለ2 ደቂቃ ይወጣና ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ነው። ዋንጫው ስታንሊ ካፕ ይባላል። ይህ ዋንጫ አንድ ልዩ ነገር አለው። ያሸነፉት ሰዎች ስም በየዓመቱ ይቀረጽበታል፤ የተጫዋቹም፣ የአሠልጣኙም፣ የክለቡ ኃላፊዎችም።

ክለቡ የገዛው ሊግ

ቤሊቮ ኦገስት 31 ቀን 1931 በኩቤክ ግዛት ትሯ-ሪቪዬር በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ቪክቶሪያቪል ነው። ስምንት ልጆች ባሉበት ቤት የበኩር ልጅ ነበር። አባቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ። ኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ክፍል ናት። ሞንትሪያል ካናዲየንስ የተባለው ክለብ ደግሞ ለሕዝቡ ከስፖርት ክለብም በላይ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተያዘ የንግድና የሥልጣን ዓለም ውስጥ «የእኛ» የሚሉት ነገር ነበር።

ልጁ ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 ሆነ። በዚያ ላይ እርጋታ ነበረው። በወጣትነቱ ኩቤክ ከተማ ውስጥ ኤስስ ለሚባል ቡድን ተጫወተ፤ ሕዝቡም አበደለት። ሊጉ በስም አማተር ይሁን እንጂ ጥሩ ይከፈለው ስለነበር ለመሄድ አልቸኮለም። ካናዲየንስ ሊያስፈርመው ቢለምነው፣ ቢጠብቀው፣ አልመጣም። ውሉ ደግሞ ቤሊቮ ፕሮፌሽናል የሚሆን ከሆነ መብቱ የካናዲየንስ ነው ይላል። ስለዚህ ክለቡ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ሊጉን በሙሉ ገዛውና ወደ ፕሮፌሽናልነት ለወጠው። አንድ ተጫዋች ለማግኘት ሊግ መግዛት! ኦክቶበር 3 ቀን 1953 ቤሊቮ ፈረመ። ለ5 ዓመት 105,000 ዶላር። በጊዜው ይህ ትልቅ ብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ፍራንክ ሴልኪ እንዴት አሳመንከው ሲባል፣ የክለቡን ካዝና ከፍቼ «ዣን፣ የፈለግከውን ውሰድ» አልኩት ብሎ መለሰ።

ሜዳ ላይ ያደረገውን ብዙ አልዘረዝርም። በ1,125 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች 507 ግብ አስቆጠረ፤ 712 ደግሞ አመቻችቶ አቀበለ። 10 ጊዜ ስታንሊ ካፕን አነሳ። ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተባለ። አንድ ምሽት ግን መነገር አለበት። ኖቬምበር 5 ቀን 1955 ቦስተን ጎድሎ እየተጫወተ ሳለ ቤሊቮ በ44 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ግብ አገባ። ያኔ የተቀጣ ተጫዋች ቡድኑ ስንት ግብ ቢገባበትም 2 ደቂቃውን መጨረስ ነበረበት። የካናዲየንስ ብልጫ ለሌሎቹ ቡድኖች ሲበዛ ሊጉ በቀጣዩ ዓመት ሕጉን ቀየረ፤ አንድ ግብ ከገባ ቅጣቱ ያበቃል፣ ተጫዋቹ ይመለሳል። ዛሬም ድረስ የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው።

በ1961 ጓደኞቹ መርጠው አምበል አደረጉት። እስከ መጨረሻው 10 የውድድር ዓመት አምበል ሆኖ ቆየ። የመጨረሻ ጨዋታው ሜይ 18 ቀን 1971 ቺካጎ ላይ ነበር። ካናዲየንስ 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ቤሊቮ 39 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር 76 ነጥብ ይዟል (ያገባውና ያመቻቸው ግብ ተደምሮ)፤ ብዙ ወጣቶች የማያገኙት ነው። ጁን 9 ቀን በቃኝ አለ።

ከሜዳ ወደ ቢሮ

ከጨዋታ በኋላ ያለ ሕይወት ለኮከቦች ቀላል አይደለም። ከቤሊቮ በፊት የነበረውን የሞሪስ ሪሻርን ታሪክ ማየት ይበቃል። ሪሻር የኩቤክ ጣዖት ነበር። በ1955 ሊጉ ሲቀጣው ሞንትሪያል ውስጥ ረብሻ ተነስቷል። በ1960 ካቆመ በኋላ ክለቡ የምክትል ፕሬዚዳንትነት ማዕረግ ሰጠው። ማዕረጉ ግን ባዶ ሆነበት። የሚያማክረው አላገኘም፤ አኩርፎ ለቆ ሄደ። በዚያን ጊዜ ቤሊቮ እዚያው ክለብ ውስጥ ነበር፤ ይህን ሁሉ አይቷል።

ቤሊቮ ግን ዝግጅቱን የጀመረው ገና ሲጫወት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሞልሰን በተባለው የቢራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቢሮ ገብቶ፣ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ሰው አግኝቶ ሥራ ተማረ። ስለዚህ በ1971 የክለቡ ምክትል ፕሬዚዳንትና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን ወንበሩ አዲስ አልሆነበትም። ኦክቶበር 9 ቀን 1971 ክለቡ 4 ቁጥር ማሊያውን ለሌላ እንዳይሰጥ ወሰነ። የሆኪ ዝና አዳራሽ ደግሞ ሌሎች የሚጠብቁትን የጥበቃ ጊዜ ለእሱ አንስቶ በ1972 አስገባው።

በዚያው ዓመት ፈተና መጣ። ኩቤክ ከተማ ውስጥ ኖርዲክስ የሚባል አዲስ ቡድን ተቋቋመ፤ ከኤንኤችኤል ጋር በሚፎካከር አዲስ ሊግ ውስጥ። ቤሊቮ በወጣትነቱ የነገሠባት ከተማ ናት። ተመልሶ እንዲጫወት ብዙ ብር አቀረቡለት። እንቢ አለ። በሚታወቅበት ደረጃ መጫወት ካልቻልኩ ሰው ለስሜ ብቻ ቲኬት እንዲገዛ አልፈልግም የሚል አቋም ነበረው። እኔ ይህን እንቢታ ከ507ቱ ግቦች አሳንሼ አላየውም። የሚያጨበጭብልህ ሕዝብ እየጠራህ አልመጣም ማለት ከባድ ነው።

በምክትል ፕሬዚዳንትነት 22 ዓመት ሠራ። ሥራው ምን ነበር? ተጫዋች አልገዛም፣ አልሸጠም። የክለቡ ፊት ነበር። ሆስፒታል ይሄዳል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሩቅ የገጠር ከተማ ግብዣ ላይ ይገኛል። አድናቂ ደብዳቤ ከጻፈ ራሱ ይመልሳል። ፊርማው በተለይ የሚወራለት ነው። አብዛኛው ዝነኛ ቸኩሎ ይሞነጭራል። የቤሊቮ ፊርማ ግን የስሙ እያንዳንዱ ፊደል የሚነበብ ነው። አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ ቀርቦ «ማን ነው የፈረመልህ?» ቢባል ወረቀቱን ማሳየት ብቻ ይበቃዋል። በዕድሜው ሁሉ ስንት ጊዜ እንደፈረመ ማን ይቆጥረዋል? እያንዳንዱን ግን ለዚያ ሰው እንደመጀመሪያው አድርጎ ጻፈው።

ስጦታ አልፈልግም

ማርች 24 ቀን 1971፣ ገና ሳያቆም፣ ክለቡ የክብር ምሽት ሊያዘጋጅለት አሰበ። በዚያ ዘመን ልማዱ ለተሸላሚው መኪና፣ ጀልባ፣ የቤት ዕቃ መስጠት ነው። ቤሊቮ ግን አንድ ነገር አስቀደመ። ስጦታ አልቀበልም፣ የሚዋጣው ገንዘብ ለተቸገሩ ልጆች ይሁን አለ። በዚያ ምሽት 155,855 ዶላር የተጻፈበት ቼክ ተሰጠው። በስሙ ያቋቋመው የልጆች መርጃ ድርጅት መነሻ ካፒታል ይኸው ነው።

ለ22 ዓመት ድርጅቱን መራው። በ1993 ከክለቡ ሥራ ሲለቅ ገንዘቡን ኩቤክ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ለሚሠራ ማኅበር አስረከበ። እንደዚያ ማድረጉ ብልህነት ይመስለኛል። በታዋቂ ሰው ስም የተቋቋመ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሰውየው ሲደክም አብሮ ይደክማል። ይህኛው ግን ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ገባ።

ሦስት ጊዜ እንቢ

ፖለቲከኞች አልተዉትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን መልሮኒ ሁለት ጊዜ የካናዳ ሴኔት አባል እንዲሆን ጠየቁት። ካናዳ ውስጥ ሴናተር አይመረጥም፤ ይሾማል። ቤሊቮ ሕግ የሚያወጣ ሰው በሕዝብ መመረጥ አለበት ብሎ ያምን ስለነበር ሁለቱንም ጊዜ አልተቀበለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በ1994 ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ክሬትየን የአገሪቱ ጠቅላይ ገዢ ሁን አሉት። ጠቅላይ ገዢ ማለት በካናዳ የዘውዱ ወኪል፣ በፕሮቶኮል የአገሪቱ የመጀመሪያ ሰው ማለት ነው። ጊዜውም ቀላል አልነበረም። ኩቤክ ትገንጠል አትገንጠል የሚለው ክርክር ጦፎ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል። ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሰው ማግኘት ለመንግሥት ትልቅ ነገር ነው።

ቤሊቮ ቤቱን አየ። አንድ ሴት ልጅ አለችው። ባሏ ልጆቻቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ሞቶባታል። ሁለት ሴት ልጆች ያለ አባት ይዛ ቀርታለች። አያት እዚያው ነው የሚያስፈልገው። ኦታዋ ሄዶ ቤተ መንግሥት ቢገባ ለአምስት ዓመት ያህል የእነሱ አይሆንም። ስለዚህ አመሰገነና አልችልም አለ። ሥልጣኑን ሮሜዮ ለብላን ተረከበ።

ይህን ታሪክ ካናዳውያን ደጋግመው የሚያወሩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ቤተሰቤን አስቀድማለሁ» የሚል ዝነኛ ሞልቷል። የአገር የመጀመሪያ ሰው መሆንን ለልጅ ልጅ ብሎ የተወ ግን ብዙ አናውቅም። በ1998 መንግሥት ከፍተኛውን የካናዳ የክብር ኒሻን ደረጃ ሰጠው። ይህን ተቀበለ፤ ቤቱን ለቅቆ እንዲሄድ የሚጠይቅ አልነበረምና።

ወንበሩ

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በሕመም አለፉ። በ2000 የጉሮሮ ካንሰር ያዘው፤ ታክሞ ዳነ። በኋላ ስትሮክ መታው፣ ደግሞም መታው። በ2005 በዕድሜው ካጠራቀማቸው ማስታወሻዎች ብዙዎቹን ለቤተሰቡ ብሎ በጨረታ ሸጠ። ያም ሆኖ አቅም ባገኘ ቁጥር ኤሊዝን ይዞ ወደ ቤል ሴንተር ይመጣ ነበር። ቦታው የታወቀ ነው፤ ክፍል 102፣ ከካናዲየንስ ተጫዋቾች መቀመጫ ጀርባ። ወጣት ተጫዋች ወደ ኋላ ዞር ካለ ሽማግሌውን በሱፍና በከረባት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያያል። አሠልጣኝ የማይናገረውን ነገር ያ ወንበር ይናገር ነበር።

ዲሴምበር 2 ቀን 2014 በ83 ዓመቱ ሎንጌይ በሚገኘው ቤቱ አረፈ። ሰልፉ ካለቀ በኋላ፣ ዲሴምበር 9፣ ካናዲየንስ ቫንኩቨርን ገጠመ። ወንበሩ ባዶ ነበር። መብራት ብቻ በራበት። ኤሊዝ ከጎኑ ባለው በራሷ ቦታ ተቀምጣለች። በማግስቱ በከተማዋ ካቴድራል ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎ ተቀበረ።

ዛሬ ስሙን በብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። ሎንጌይ ውስጥ የበረዶ ሜዳ በስሙ ተሰይሟል። ኩቤክ ከተማ ውስጥ አደባባይ አለው። ሞንትሪያል ላይ ሐውልቱ ከሪሻር ሐውልት ጋር ቆሟል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ዋንጫው ነው። ተጫዋች ሆኖ ካነሳቸው 10 ዋንጫዎች በኋላ፣ በኃላፊነት ዘመኑ ክለቡ 7 ጊዜ ደግሞ አሸነፈ፤ በ1973፣ ከ1976 እስከ 1979 በተከታታይ፣ በ1986 እና በ1993። ስለዚህ ስሙ ስታንሊ ካፕ ላይ 17 ጊዜ ተቀርጿል። ከእሱ የበለጠ የተቀረጸ ሰው የለም። ዋንጫው ላይ ቦታ ሲሞላ አሮጌው የብረት ቀለበት ይወልቅና ቶሮንቶ ወደሚገኘው ዝና አዳራሽ ይገባል። በ2018 የወጣው ቀለበት የ1954 እስከ 1965 አሸናፊዎችን የያዘ ነበር። ስድስቱ የቤሊቮ ስሞች አብረው ወጡ። የቀሩት 11 ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አራቱ ብቻ በዱላ የተገኙ ናቸው፤ ሰባቱ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የመጡ ናቸው።