ባዶ መሬት እና ክፍት ቦታ አንድ አይደሉም

ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የከተማ መሬት አለ እንበል። ሁሉም «ሜዳው» ይለዋል። አንድ ቀን ዙሪያው በቆርቆሮ ይታጠራል። «ክፍት ቦታ አልነበረም እንዴ?» ላይሆን ይችላል።

ባዶ መሬት ገና ያልተገነባበት ነው፣ በቃ። ክፍት ቦታ ግን በከተማው ፕላን ላይ ለአረንጓዴ ወይም ለመዝናኛ ተብሎ የተመደበ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «የከተማው ስለሆነ ማንም አይነካውም» ስንል ነው። ባለቤትነትና ጥበቃ ለየቅል ናቸው። ከተማው የራሱን መሬት ሊያከራይ ወይም ሊገነባበት ይችላል።

ምደባም ቢሆን ጥንካሬው ይለያያል። በፕላን ብቻ የተመደበ ቦታ ፕላኑ ሲሻሻል ሊቀየር ይችላል። በሕግ ወይም በስጦታ ውል የታሰረውን መንካት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ስለ መሬቱ በሚደረግ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምደባው ምንድን ነው? የሚቀይረውስ ማን ነው?» ነው።

መንገድና የውሃ መስመር አጠገቡ ካለ፣ ቤት መሥራቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። «ዝም ብሎ የተቀመጠ መሬት ስለሆነ ይገንባበት» የሚለው ክርክር ግን አይዋጥልኝም። 1 ሄክታር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 200,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አፈር ብዙውን ይመጥጠዋል። አስፋልት ከሆነ ግን ወደ ጎርፍ መውረጃ ቱቦው ይለቀዋል፤ ቱቦው ካልቻለ ደግሞ ወደ ታችኛው ሰፈር።