ብሬክቢት ምንድን ነው? ዘ ፕሮዲጂና ከሸክላ የተቆረጠው ከበሮ

በአሮጌ የፈንክና የሶል ሸክላዎች ውስጥ ባሱ፣ ጊታሩና ድምፃዊው ጋብ ብለው ከበሮ መቺው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻውን የሚሰማበት ቦታ አለ፤ ይህ ቦታ «ብሬክ» ይባላል። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኒውዮርኩ ብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ፣ ጨፋሪው ይበልጥ የሚነቃቃው እዚህ ላይ መሆኑን ስላስተዋለ፣ ሁለት ተመሳሳይ ሸክላዎችን ጎን ለጎን እያጫወተ ይህንኑ ቦታ ማስረዘም ጀመረ። ብሬክቢት የሚባለው በዚህ የከበሮ ቁራጭ ላይ የሚገነባ ሙዚቃ ነው። ሃውስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ትልቁ ከበሮ እንደ ሰዓት እኩል እየቆጠረ ሲሄድ፣ በብሬክቢት ግን ምቱ ከጠበቁት ቦታ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ያርፋል።

እንግሊዞች ሲረከቡት አፈጠኑት። ከኤሴክሷ ብሬይንትሪ ከተማ በ1990 የተነሣው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ዘ ፕሮዲጂ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የቡድኑ አቀናባሪ ሊያም ሃውሌት ይሠራ የነበረው ሮላንድ ደብልዩ 30 በተባለ፣ ጥቂት ሰከንድ ድምፅ ብቻ በሚይዝ ኪቦርድ ሲሆን፣ ከሸክላ የቀዳውን ከበሮ ቆራርጦ እያንዳንዷን ምት በየቁልፉ ላይ ካደለ በኋላ በጣቱ እንደ አዲስ ይመታዋል። ከእንግሊዝ የሕፃናት ደኅንነት ማስታወቂያ የአንዲት ድመትን ድምፅ የወሰደው «ቻርሊ» በ1991 በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ሲይዝ፣ ነገሩን እንደ ልጆች ቀልድ ያዩት አልጠፉም።

ለእኔ የቡድኑ ብስለት የሚታየው ግን ፍጥነቱን በቀነሰበት ጊዜ ነው። በ1994ቱ አልበም ውስጥ ያለው «ፖይዝን» ዝግ ያለና የከበደ ከበሮ አለው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ «ተደጋጋሚ ምት» ያለውን ሙዚቃ በስም ጠቅሶ፣ የሜዳ ላይ ጭፈራዎችን የመበተን ሥልጣን ለፖሊስ ሰጠ። ከዚያ በኋላ በቡድኑ ሙዚቃ ላይ ጊታርና ጩኸት ተጨመሩ። ተወዛዋዥ የነበረው ኪት ፍሊንት ማይክሮፎን ጨብጦ የዘፈነበት «ፋየርስታርተር» በ1996 በእንግሊዝ፣ ተከታዩ አልበም ደግሞ በ1997 በእንግሊዝም በአሜሪካም 1ኛ ወጡ።

ፍሊንት በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላም ሃውሌትና የቡድኑ ድምፃዊ ማክሲም ወደ መድረክ ተመልሰዋል። ከኋላቸው የሚቀመጠው ደግሞ በሁለት እጁ የሚመታ ሕያው ከበሮ መቺ ነው።